ድምፅ የሚሰበርበት ስፍራ

በማርሻል 2204 አምፕሊፋየር ሆድ ውስጥ፣ ከመጀመሪያው ቲዩብ አጠገብ፣ ቡናማ፣ ጥቁርና ብርቱካናማ ቀለበት ያላት አንዲት ሬዚስተር አለች። መጠኗ 10 ኪሎ ኦም ነው። የቲዩብ አምፕሊፋየርን አሠራር በመጠኑ የሚያውቅ ሰው መጀመሪያ ሲያያት ይህቺ እዚህ ምን ልትሠራ ገባች ማለቱ አይቀርም። በዚያ ስፍራ፣ ማለትም ኤሌክትሮን በሚለቀው በቲዩቡ ካቶድና በግራውንዱ መካከል፣ የተለመደው ከ820 ኦም እስከ 2.7 ኪሎ ኦም ነው። 10 ኪሎ ኦም ሲገባበት በቲዩቡ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ወደ ጭላንጭል ይወርዳል፤ ቲዩቡ ሊዘጋ አንድ ሐሙስ የቀረው ሆኖ ይቀመጣል። ንጹህ ድምፅ ማጉላት ለሚፈልግ ሰው ይህ ጥፋት ነው። እኔ ግን ከዚህ መሣሪያ ውስጥ የሠሪውን ብልሃት የምታሳይ አንዲት ነገር ምረጥ ብባል እጄ የሚሄደው ወደ እሷ ነው።

ጥሩ ዲስቶርሽን፣ ማለትም የሚወደድ የድምፅ መሰበር፣ ቲዩብን ከአቅሙ በላይ በማስጮህ ብቻ የሚገኝ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ያረጀ የቲዩብ ሬዲዮ ሁሉ ድምፁን እስከ ጫፍ ሲከፍቱት ሮክ ያሰማ ነበር። የሚያሰማው ግን ጩኸት ነው። ኮርድ ተመትቶ ስድስቱም ክሮች የሚለዩበት፣ ሻካራ ሆኖ ሳለ ኖታው የማይጠፋበት፣ ጣት ሲጠነክር የሚጠነክር፣ ጣት ሲለዝብ የሚለዝብ ድምፅ የሚገኘው ሞገዱ የት፣ ምን ያህልና በየትኛው ወገን እንደሚሰበር አስቀድሞ ያሰበ ሰው ሲኖር ነው። ስለዚህ የዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር ድምፁ ሲበላሽ ጥገናው ከሌላው ይለያል። ሬዲዮ ጠጋኝ ድምፁ የሚሰበርበትን ቦታ አግኝቶ ያቃናል። እዚህ ድምፁ ሁሉ የሚሰበር ነው፤ የሚፈለገው ያለቦታው የተሰበረው ነው።

ጂም ማርሻል ከበሮ መቺና የከበሮ አስተማሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በምዕራብ ለንደን፣ ሀንዌል በሚባለው ሰፈር፣ የሙዚቃ መሣሪያ ሱቅ ከፈተ። ሱቁን የሚያዘወትሩት ወጣት ጊታሪስቶች ከአሜሪካ የሚመጣውን የፌንደር አምፕሊፋየር ይመኙታል፤ ዋጋው ግን አይቀመስም። በ1962 የሱቁ ጠጋኝ ኬን ብራንና ወጣቱ ዳድሊ ክሬቨን የፌንደር ቤዝማንን ሰርኪዩት መነሻ አድርገው፣ በእንግሊዝ አገር በሚገኝ ዕቃ፣ የመጀመሪያውን ማርሻል ሠሩ፤ ስሙም ጄቲኤም 45 ሆነ። ቤዝማኑ በመግቢያው ላይ 12ኤዋይ7 የሚባል ቲዩብ ነበረው። እነሱ ኢሲሲ83 አስገቡ፤ አሜሪካኖቹ 12ኤኤክስ7 የሚሉትን። የኢሲሲ83 የማጉላት አቅም 100 ነው፤ የ12ኤዋይ7 ግማሹን እንኳ አይሞላም። በዚህች ለውጥ ምክንያት፣ ሌሎቹም ተጨምረው፣ ያ አምፕሊፋየር ከአባቱ ቀድሞ መሰበር ጀመረ፤ ጊታሪስቶቹም ያንን ወደዱት።

ያን ድምፅ ለማግኘት ግን መሣሪያውን እስከ መጨረሻው መክፈት ግድ ነበር፤ ተከታዮቹ 100 ዋት ሲሆኑ ደግሞ እስከ መጨረሻው መክፈት ጎረቤት አላስተኛ አለ። በ1970ዎቹ አጋማሽ የመጣው መልስ ድምፁ ከተሰበረ በኋላ ጩኸቱን ለብቻው የሚቀንስ ማስተር ቮሊዩም ያለው 2203 ነው፤ 2204 የእሱ 50 ዋት ወንድም ነው። ሁለቱም ከ1981 ጀምሮ ጄሲኤም 800 በሚለው ስም ታወቁ። የዚህን ሥራ ቁጠባ ልብ በሉልኝ። ኢሲሲ83 በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ቲዩብ ነው። በቀድሞው ሞዴል ሁለት ቻናሎች ጎን ለጎን ይቆሙ ስለነበር አንዱ ግማሽ ለአንዱ፣ ሌላው ለሌላው ተሰጥቶ ነበር። አዲሱ ሥራ እነዚያኑ ሁለት ግማሾች አንዱን ከሌላው ኋላ አሰለፋቸው። አንድም ቲዩብ አልተጨመረም። ያለውን ቦታ አዙሮ በማስቀመጥ ብቻ የአንድ ዘመን ድምፅ ተወለደ።

እስቲ ሲግናሉን ተከትለን እንግባ። በመጀመሪያው ደረጃ ካቶድ ላይ 2.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 0.68 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሌሎች በዚህ ቦታ 22 ወይም 25 ማይክሮፋራድ ያስገባሉ፤ ያ ከላይ እስከ ታች ሁሉንም እኩል ያጎላል። 0.68ቱ ግን ከ200 ሄርዝ አካባቢ ወደ ታች ማጉላቱን ቀስ እያለ ይቀንሳል። የጊታር ወፍራሟ ክር የምትንቀጠቀጠው በ82 ሄርዝ ነው፤ እሷ ገና በር ላይ ሳለች ቀጠነች ማለት ነው። ምክንያቱ ከወፍራም ክር የሚመጣው ሞገድ ትልቅ መሆኑ ነው፤ ቲዩቡን ቀድሞ የሚሞላው እሱ ነው፤ ከሞላው በኋላ ቀጫጭኖቹን ክሮች ይደፈጥጣቸዋል፣ ኮርዱም ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ባሱ ከመሰበሩ በፊት ይቀነሳል፤ ከተሰበረ በኋላ በድምፅ ማስተካከያዎቹና አራት ስፒከር በያዘው ዝግ ሣጥን በኩል ይመለሳል። ይህን ቅደም ተከተል የሳተ አምፕሊፋየር የቱንም ያህል ውድ ቲዩብ ቢገባበት አይጠራም።

ቀጥሎ ሲግናሉ 470 ኪሎ ኦም ውስጥ ያልፋል። ጎኗ ላይ 470 ፒኮፋራድ ካፓሲተር አለ፤ ቀጭኑን ድምፅ ያለ ችግር ያሻግረዋል። ከዚያ ጌይን የሚባለው ማስተካከያ፣ ከዚያ ያቺ 10 ኪሎ ኦም ያለችበት ሁለተኛ ደረጃ። በተለመደ ደረጃ ላይ በቲዩቡ ውስጥ ወደ 1 ሚሊ አምፔር ያለማቋረጥ ያልፋል፤ ሞገዱ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚወዛወዝበት ሰፊ ቦታ አለው። እሷ ይህን ከሲሶ በታች ታወርደዋለች። ስለዚህ የቲዩቡ መግቢያ በሆነው ግሪድ ላይ የሚመጣው ሞገድ ወደ ኔጌቲቭ ሲወርድ ቲዩቡ ወዲያው ይዘጋል፤ ያ ወገን ቀጥ ብሎ ይቆረጣል። ወደ ፖዘቲቭ ሲወጣ ግን ያልፋል። ሁለቱም ወገን እኩል የሚቆረጥ ሞገድ ኦክታቩን አይወልድም፤ አንዱ ወገን ብቻ ሲቆረጥ ግን ኦክታቩ ከኖታው ጋር አብሮ ይመጣል፣ ድምፁም አጥንት ያገኛል። ደግሞም በ10 ኪሎ ኦሟ ጎን ካፓሲተር ስላልተደረገ ይህ ደረጃ ብዙ አያጎላም። ይሰብራል፣ ግን አያጥለቀልቅም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ሁለት 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮች ተጋጥመው ያንን በስንት ድካም የጎላውን ሲግናል ግማሹን ወደ ግራውንድ ይጥሉታል። መጣሉ ሥራው ነው። ሦስተኛው ደረጃ የሚደርሰው ሲግናል ልኩን ይዞ ይደርሳል፤ እያንዳንዱ ደረጃ ሞገዱን ስለሚገለብጠው ደግሞ ሦስተኛው የሚቆርጠው ሁለተኛው ያልነካውን ወገን ነው። ጌይን በጌይን ላይ የሚከምሩ ለዋጮችን ሳይ የሚያሳዝነኝ ይህንን መጣል እንደ ብክነት ማየታቸው ነው። ሬዚስተሯን አውጥተው ሲግናሉን ሙሉውን ያስገባሉ፤ ከዚያ ዲስቶርሽኑ በዛ ግን ኖታው ጠፋ ብለው ቲዩብ መቀየር ይጀምራሉ።

በመጨረሻ ሦስተኛው ደረጃ ያለ ምንም ካፓሲተር በቀጥታ ከካቶድ ፎሎወር ጋር ተገናኝቷል። ካቶድ ፎሎወር አያጎላም፤ ለድምፅ ማስተካከያዎቹ ጉልበት ይሰጣል፣ ሞገዱ ከፍ ሲል ደግሞ ጫፉን ያለሰልሰዋል። የዚህ ቲዩብ ካቶድ ከ150 ቮልት በላይ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ይህን ያህል በካቶዱና በማሞቂያው ሽቦ መካከል የማይችሉ ቲዩቦች አሉ፤ ሌላ ሶኬት ላይ ደህና የሚሠራው እዚህ ሲገባ ይንቋቋል። ስለዚህ ጥሩ ጠጋኝ ቲዩቦቹን ሲያወጣ የትኛው ከየት እንደወጣ ይጽፋል።

አንድ ጊዜ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ አንጋፋ አበሻ ጠጋኝ እንዲህ ያለ 2204 ሲፈትሽ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ያመጣው ወጣት ጊታሪስት ዲስቶርሽኑ ልል ሆኖበታል፤ ወፍራሟን ክር ሲመታት ድምፁ ይፈርጣል፣ ከፍ ያሉት ኖታዎች ደግሞ ቅባት የነካቸው ያህል ያዳልጣሉ። "ጋሼ፣ ቲዩቦቹን ሁሉ አዲስ ልግዛ?" አለው። "ቆይ ልጄ፣ ቲዩብ መግዛቱ ይደርሳል። መጀመሪያ ልስማው" አለውና ጊታሩን ተቀብሎ ተቀመጠ። ኮርድ አልመታም፤ ከወፍራሟ ክር አንድ ኖታ መትቶ እስኪጠፋ ድረስ ጠበቀ። ጌይኑን 3 ላይ አድርጎ፣ ከዚያ 7 ላይ። ከዚያ የጊታሩን ቮሊዩም ዝቅ አድርጎ። ከዚያ ከሌላ ሣጥን ጋር አገናኝቶ፣ በሌላ ገመድ። ካቻቢቴውን ያነሳው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ይህ ቅደም ተከተል ራሱ ሙያ ነው። ድምፅን የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ከአምፕሊፋየሩ ውጭ ያለ ነገር ነው፤ የላላ ገመድ፣ ወረቀቱ የተሰነጠቀ ስፒከር። ዘመን አመጣሽ ሞዴሎች ላይ ደግሞ ለኢፌክት የተሠራው መውጫና መግቢያ አለ፤ ውስጡ ያለው መነካኪያ አቧራ ሲይዝ ሲግናሉ ይሞታል። አጭር ገመድ ወስዶ መውጫውን ከመግቢያው ጋር ማገናኘት ነው፤ ድምፁ ከተመለሰ በሽታው እዚያ ነው፣ ሳጥኑን መክፈትም አላስፈለገም።

ሰውየው ሳጥኑን ሲከፍት መጀመሪያ የነካው ድምፅን የሚመለከት ነገር አልነበረም። ዋናዎቹ ካፓሲተሮች ሶኬቱ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ያ ደግሞ ሰውን ይገድላል። በሬዚስተር በኩል ወደ ግራውንድ አፈሰሰውና ቴስተሩን አስቀምጦ ዜሮ መድረሱን አየ። ከዚያ መልሶ ሲያበራው ግራ እጁ ኪሱ ውስጥ ገባ፤ ሁለት እጅ ከገባ ኤሌክትሪኩ በደረት በኩል መንገድ ያገኛልና። አምፕሊፋየሩም ያለ ስፒከር አንዴም አልበራም፤ ያለ ስፒከር የተጮኸበት የቲዩብ አምፕሊፋየር የመውጫ ትራንስፎርመሩን ሊያቃጥል ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃ ቮልቴጅ ደህና ነበር። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የቴስተሩን ጫፍ ካቶዱ ላይ አስነክቶ ቆመ። ከ2 ቮልት በላይ ማሳየት የነበረበት 1.3 ያሳያል። "ይሄ ደልቶታል" አለ። ጎንበስ ብለን አየን፤ 10 ኪሎ ኦሟ የለችም። በቦታዋ 1.5 ኪሎ ኦም ገብቷል። ወደ መጀመሪያው ደረጃ ተመለሰ፤ እዚያም 0.68 የነበረው ካፓሲተር 22 ሆኗል፤ እሱ በቮልቴጅ አይታይም። ቀደም ሲል የነካው ሰው ሁለቱንም አርሟቸዋል። ብየዳው ያምር ነበር፤ ዕቃዎቹም ርካሽ አልነበሩም። ያ ሰው እጁ የሠለጠነ ነው፤ ግን ያየውን ቁጥር ከመጽሐፍ ጋር አመሳክሮ ስህተት ነው አለ እንጂ ለምን ተደረገ ብሎ አልጠየቀም። አንጋፋው ጠጋኝ ይህንን ሲናገር ክፉ ቃል አልወጣውም። ሁለቱን አውጥቶ የቀድሞውን መለሰ። የተጠቀመባቸው ዕቃዎች ተራ ነበሩ። ኖታውን እንደገና ሲመታው ወፍራሟ ክር ጠበበች፣ ቀጫጭኖቹም ቦታቸውን ያዙ።

የድምፁ መፈረጥ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ስፒከሩ ተቀደደ ብሎ የሚያስበው ይህንኑ ነውና። ትልቅ ሞገድ ግሪዱን ከካቶዱ በላይ ፖዘቲቭ ሲያደርገው ግሪዱ ራሱ ኤሌክትሮን መሰብሰብ ይጀምራል፤ ያ ደግሞ ከፊቱ ያለውን ካፓሲተር ይሞላዋል። ሞገዱ ሲወርድ ካፓሲተሩ የያዘውን ለማፍሰስ ጊዜ ይፈልጋል፤ እስኪያፈስ ድረስ ቲዩቡ ተዘግቶ ይቆያል። ጆሮ የሚሰማው ክሩ ተመትቶ ድምፁ ለቅጽበት ጠፍቶ መመለሱን ነው። መድኃኒቱ ካፓሲተሩን ማሳነስ፣ ግሪዱ በር ላይ ሬዚስተር ማስቀመጥ፣ ወይም ከመጀመሪያውኑ ባሱን መቀነስ ነው። የማርሻሉ ሠሪዎች 22 ናኖፋራድ ካፓሲተሮቻቸውን፣ 470 ኪሎ ኦሞቻቸውንና 0.68ቷን ይዘው ሦስቱንም አደረጉ።

ሌሎቹን በሽታዎች በየድምፃቸው መለየት ይቻላል። በደረጃዎች መካከል ያለ ካፓሲተር ሲያረጅ የፕሌቱን፣ ማለትም የቲዩቡን መውጫ፣ ቮልቴጅ ማሳለፍ ይጀምራል፤ ቀጣዩ ቲዩብ ሚዛኑን ያጣል፣ ዲስቶርሽኑ የታፈነ ይሆናል። አንዳንዴ ይህንን ቀድሞ የሚናገረው ማስተካከያ ነው፤ ስታዞረው የሚንቋቋ ማስተካከያ አቧራ ብቻ ላይሆን ይችላል፣ የማይገባው ቮልቴጅ ደርሶበት ይሆናል። የ0.68ቷ አንድ እግር ከብየዳው ሲላቀቅ የመጀመሪያው ደረጃ ጉልበት ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ አምፕሊፋየሩ ይሠራል፣ ግን አይሰበርም። ይህንኑ የሚያመጣው ሌላ ነገር ኢሲሲ83 መሆን የነበረበት ሶኬት ውስጥ 12ኤቲ7 ማስገባት ነው። መልካቸው አንድ ነው፣ እግራቸውም አንድ ነው፤ የሁለተኛው አቅም ግን 60 ነው። መስታወቱ ላይ ያለው ጽሑፍ ሲፋቅ ልዩነቱን የሚያውቀው ጆሮና መለኪያ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትልልቆቹ ቲዩቦች። ከእነሱ በፊት ሞገዱን ለሁለት የሚከፍለው ደረጃ አለ፤ አንዱን እንዳለ፣ ሌላውን ተገልብጦ ይልካል። በዚህ ደረጃ ሁለት ፕሌቶች ላይ 82 እና 100 ኪሎ ኦም ታገኛላችሁ። ይህም እንደ 10 ኪሎ ኦሟ ስህተት የሚመስል ነገር ነው፤ ጥንድ ከሆኑ ለምን እኩል አልሆኑም? ሁለቱ ግማሾች እኩል ስለማያጎሉ ነው፤ የተለያዩ ሬዚስተሮች ገብተው ውጤቱ እኩል ይሆናል። ይህ ከቤዝማኑ የተወረሰ ጥበብ ነው። ሁለቱንም 100 የሚያደርግ እጅ ሚዛን አስተካከልኩ ብሎ ሚዛን ያፋልሳል።

ትልልቆቹ ቲዩቦች ተራ በተራ ይሠራሉ፤ አንዱ የሞገዱን አንድ ወገን፣ ሌላው ሌላውን። ሥራ ሲቀባበሉ መካከል ላይ ክፍተት እንዳይኖር ሁለቱም ጥቂት ኤሌክትሪክ ሁልጊዜ ማሳለፍ አለባቸው፤ ባያስ የሚሉት ይህንን ማስተካከል ነው። ኢኤል34 ፕሌቱ 450 ቮልት ላይ ከሆነ 35 ሚሊ አምፔር አካባቢ ጤናማ ነው። ከዚያ ብዙ ሲወርድ ኖታው ሲመታ ደህና ይመስላል፣ ሲደክም ግን ጫፉ ላይ ደረቅ እዝዝታ ይከተለዋል። አንጋፋው ጠጋኝ አንዲቷን ኖታ እስክትጠፋ የጠበቀው ይህንን ሊሰማ ነበር። እሱ የፈተሸው 2204 በተሠራበት ዘመን ወደ አሜሪካ እንደተላኩት ማርሻሎች 6550 ነበር የያዘው። 6550 ከኢኤል34 የበለጠ ጉልበት አለው፤ ዘግይቶ ይሰበራል፣ መካከለኛውን ድምፅም ያን ያህል አያወጣም። አንዳንድ ሰው ይህንን ብልሽት ነው ብሎ ያመጣዋል። ብልሽት አይደለም፤ ኢኤል34 ማስገባት ከተፈለገም የባያሱ ሰርኪዩት አብሮ መስተካከል አለበት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግረው በሽታ ግን ከኖታው በታች የሚሰማው ሁለተኛ፣ ያልተመታ ኖታ ነው። ጊታሪስቱ ጊታሬ ቅኝቱ ጠፋ ይላል፤ ቅኝቱ ግን ልክ ነው። የግድግዳውን ኤሌክትሪክ የሚያጣሩት ትልልቅ ካፓሲተሮች ሲደክሙ ያልተጣራው ሞገድ ከኖታው ጋር ይቀላቀላል። አሜሪካ 60 ሄርዝ ስለሆነች ያልተጣራው 120 ነው፤ አዲስ አበባ 50 ስለሆነች 100 ነው። ስለዚህ 440 ሄርዝ የሆነችው ኤ አዲስ አበባ ላይ ስትመታ 340 እና 540 የሆኑ ሁለት ባዕዳን አብረዋት ይመጣሉ፤ ከማንኛውም ቅኝት ጋር የማይስማሙ። ድምፁ ዝቅ ሲል አይሰሙም፤ ትልልቆቹ ቲዩቦች ብዙ ሲስቡ ብቅ ይላሉ። መድኃኒቱ ካፓሲተሮቹን መቀየር ነው፤ ማስተካከያ በማዞር ወይም ጊታር በመቃኘት የሚጠፉ አይደሉም።

ስለ ገመድ አቀማመጥ ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ የእጅ ሙያ በዓይን የሚታየው እዚያ ነውና። የ1960ዎቹ ማርሻሎች ውስጣቸው ሙሉ በሙሉ በእጅ የተበየደ ነው፤ ኋላ የታተመ ቦርድ መጣ፣ በ1970ዎቹ ግን ከቦርዱ ወደ ቲዩብ ሶኬቶቹ የሚሄደው ሽቦ በእጅ መዘርጋቱን ቀጠለ። የማሞቂያው 6.3 ቮልት የሚሄድባቸው ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ተጠምዝዘው ማዕዘን ይይዛሉ፤ ተጠምዝዘው ሲሄዱ አንዱ የሚረጨውን እምምታ ሌላው ይሽረዋል። የግሪድ ሽቦ አጭር ነው፤ የፕሌት ሽቦን ማቋረጥ ግድ ሲሆንበት ቀጥ ብሎ ያቋርጠዋል እንጂ ጎን ለጎን አይጓዝም። ሦስት ደረጃ ተሰልፎ በሚያጎላበት መሣሪያ ውስጥ የመጨረሻው ሽቦ ወደ መጀመሪያው ከተጠጋ የራሱን ድምፅ መልሶ ይውጣል። ጩኸት ቢሆን ይታወቅ ነበር፤ ብዙ ጊዜ ግን ከጆሮ በላይ ባለ ድግግሞሽ ነው የሚንቀጠቀጠው። አይሰማም፣ ግን የቲዩቡን አቅም ይበላል። የሚሰማው ጌይኑ 7 ሲያልፍ ድምፁ ማደግ ትቶ መቅጠኑና መታነቁ ነው።

ይህንን ለማግኘት ጠጋኙ ኦሲሎስኮፕ ይጠቀማል፤ ከሌለው ቀጭን ደረቅ እንጨት ይበቃዋል። አምፕሊፋየሩ እየጮኸ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በእንጨቱ ጫፍ ገፋ ያደርጋል። አንዷ በሁለት ወይም በሦስት ሚሊ ሜትር ስትንቀሳቀስ ድምፁ በድንገት ይከፈታል። በዚያው እንጨት ቲዩቦቹንና የብየዳ ነጥቦቹን መታ መታ ያደርጋል፤ ሲነካ የሚደውል ቲዩብ፣ ሲነካ የሚቋረጥ ብየዳ ራሱን ያጋልጣል። የፕሌት ሬዚስተሮቹም ሲያረጁ ያለ ማንም መንካት ዝናብ የሚመስል ሹክታ ያወጣሉ፤ እነሱን መለካት ያለበት አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ፣ የካፓሲተሮቹ ቮልቴጅም ፈስሶ ነው።

ከመውጫው ትራንስፎርመር ወደ ኋላ የሚመለሰው ሽቦም ይታይ። ከስፒከሩ ድምፅ ጥቂቱ ወደ ከፋዩ ደረጃ ተመልሶ ትልልቆቹን ቲዩቦች ይገራቸዋል። ያ ሽቦ ሲበጠስ አምፕሊፋየሩ ይጮኻል፣ ባሱ ይዘረገፋል፣ ፕሬዘንስ የሚባለው ማስተካከያም ሥራውን ይተዋል። ትራንስፎርመር ተቀይሮ ሁለቱ የፕሌት ሽቦዎች ተገለባብጠው ከተበየዱ ደግሞ ያው መግሪያ ማባሻ ሆኖ ገና ሲበራ ያንባርቃል። ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር ብቻ ነው መፍትሔው፤ ይህንን ሳያውቁ አዲሱን ትራንስፎርመር የሚመልሱ አሉ።

ሁሉም ተስተካክሎ ሲያበቃ ያ አንጋፋ ጠጋኝ የሚፈትነው ዲስቶርሽኑ ምን ያህል እንደበዛ አይደለም። ጌይኑን 7 ላይ ይተወዋል፣ ማስተሩን ከፍ ያደርጋል፣ ኮርዱን አንዴ ይመታና ስድስቱም ክሮች መለየታቸውን ይሰማል። ከዚያ አምፕሊፋየሩን ሳይነካ የጊታሩን ቮሊዩም ከ10 ወደ 4 ያወርደዋል። በዚያች ቦታ ሞገዱ ያነሰ ስለሆነ 10 ኪሎ ኦሟ እንኳ ብዙ አታገኝም፤ ድምፁ መጥራት አለበት፣ ግን ጣት ሲጠነክር ጫፉ ላይ ጥቂት መሻከር ይኖርበታል። ካልጠራ፣ ወይም ጠርቶ ጠጣር ጣት ሲመጣ ካልሻከረ፣ መሣሪያውን አይሰጥም፤ አጥፍቶ፣ ቮልቴጁን አፍስሶ፣ ቴስተሩን ይዞ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ካቶድ ይመለሳል።